ሊብሬ የሌላት ቮልስ

በአገራችን ወረቀት የጠፋበት ሰው መከራውን ያያል። ወረቀት የጠፋባት መኪና ግን ጭራሹን እንዳልተፈጠረች ትቆጠራለች። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም።

አባቴ በ1967 ዓ.ም. አገር ለቆ ከሚሄድ ሰው አንዲት ቮልስ ገዛ። ውሉ በእጅ ተጻፈ፤ ሦስት ምስክሮች ፈረሙ፤ ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ሻጩም ሄደ። ስም ማዛወሩ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲባል ቀረ። አባቴ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፍ ሊብሬው የት እንደገባ ጠፋ። ምስክሮቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

ወራሽ ነኝና ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። «ሻጩ ይቅረብ» ተባልሁ። የት እንዳለ አላውቅም ብል፣ «እንግዲያው ወራሾቹ ይቅረቡ» ተባልሁ። «እባካችሁ ነባሩን ፋይል አውጥታችሁ እዩልኝ» ብዬ ብለምን፣ «ፋይሉ የለም» አሉኝ። አንባቢ ሆይ፣ ፍረደኝ! እኔ አንድ ወረቀት ብጥል ጥፋተኛ ነኝ፤ መዝገብ ቤቱ ሙሉ ፋይል ሲጥልም ጥፋተኛው እኔው ነኝ።

መኪናዋ ግን ማንነቷን ይዛ ነው የምትዞረው። የኋላ ወንበሯን ላነሣ ሰው የሻንሲ ቁጥሯ ብረቱ ላይ ተመትቶ ይታያል። በ116 ይጀምራል፤ 11 ዓይነቷን፣ 6 ደግሞ የ1966 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል መሆኗን ይናገራል። ይህ ቁጥር ጀርመን አገር ቮልፍስቡርግ ከተማ ላለው የቮልስዋገን ሙዚየም ቢላክ፣ የተሠራችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። ፈረንጅ ልደቷን መዝግቦ ይዟል፤ አሳዳጊዎቿ እኛ አናውቃትም እንላለን!

«ሕጉ ነው» ይሉኛል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ 15 ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ሰው ባለሀብት ይሆናል ይላል። በቁጥር 1193 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል። መኪና የራሱ የምዝገባ ሕግ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን አባቴ 31 ዓመት የከፈለው የቦሎ ደረሰኝ በሲባጎ ታስሮ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ዓመት ገንዘቡን የተቀበለ መንግሥት አንድ ቀን «ሻጩ ይቅረብ» አላለም።

«ለሌባ በር ይከፈታል» የሚሉም አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ መልስ ግን የለውም ማለት አይደለም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ሰነድ የጎደለው ሰው የመኪናውን ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሸፍን ዋስትና አቅርቦ የባለቤትነት ወረቀት ይወስዳል፤ ዋስትናው ሦስት ዓመት ይቆያል፤ እውነተኛ ባለቤት ከመጣ ካሣው ከዚያ ይከፈላል። እኛስ ምን ይሳነናል? ፖሊስ ቁጥሩን ይመርምር፤ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይውጣ፤ ዋስ ይጠራ፤ ተቃዋሚ ከጠፋ ሊብሬው ይሰጥ።

የዚህች ዓይነት ቮልስ የመጨረሻዋ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ አብቅቷል። እኛም በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክለናል። እንግዲህ ምትክ አይመጣላትም። ባለፈው ሳምንት ቁራሌው በደጃችን ሲያልፍ አያትና ዋጋ ጠራ። ሊብሬ አልጠየቀኝም።