ሽቅብ የቆመውን ቧንቧ ማን ተሸከመው?

እዚህ ካኩማ ውሃ ተቋረጠ ሲባል ሁላችንም የምናማው ፓምፑን ነው። ወደ ታንከሩ ሽቅብ የሚወጣውን ቧንቧ ግን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። በእኛ ሰፈር ከታንከሩ እግር ጋር የተያዘው በሽቦ ነው። ሽቦ ለአጥር ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሆንም።

እስቲ እናስላው፤ ከ7ኛ ክፍል ተማሪ አቅም አያልፍም። መካከለኛ ውፍረት ያለው ባለ 3 ኢንች የብረት ቧንቧ ባዶውን በሜትር 8 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ውስጡ 5 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ 1 ሊትር ደግሞ 1 ኪሎ ነው። ድምሩ 13 ኪሎ ተኩል። ከፍታው 10 ሜትር ከሆነ 135 ኪሎ ይመጣል፣ ያውም መዝጊያው ሳይቆጠር። ከኩንታል ዱቄት በላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

በዚህ አያበቃም። ከታች ቧንቧው በሚታጠፍበት ጎሚቶ ላይ የ10 ሜትር ውሃ በካሬ ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ይጫናል። የቧንቧው አፍ 50 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ወደ ጎንም 50 ኪሎ ይገፋል። ፓምፑ ድንገት ቆሞ ውሃው ተመልሶ ሲመታ ይብሳል። ፀሐያችንም አለች፤ 10 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ25 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ማታ ይሰበሰባል። እንዲህ እያለ ማሰሪያውን ያላላዋል።

ማቀፊያው 4 ከሆነ 135ን ለ4 አካፍሎ መተኛት ይቀናል። አንዱ ሲላላ ግን ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሙሉውን ክብደት ከጎሚቶው ሥር የኮንክሪት መቀመጫ ይሸከመው፤ ማቀፊያዎቹ እንዳይወዛወዝ ብቻ ይያዙት።

አንዳንድ ወንድሞች «እኛ ስደተኞች ነን፣ ሥራው የድርጅቱ ነው» ይላሉ። ቧንቧው ሲሰበር ጄሪካን ይዘው የሚሰለፉት ግን እናቶቻችን ናቸው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ቢባል፣ 5 ሰው ላለበት ቤት 75 ሊትር ነው፤ አራት ባለ 20 ጄሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ቦኖው በደረቀ ቀን ስም ስንጠራ ዝም የሚለው የሴቶቹ ወንበር ነው።

የውሃ ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንን ይጠይቅልን፦ የእያንዳንዱ ታንከር ቧንቧ ውሃ ሞልቶ ስንት ኪሎ ነው? ያረፈውስ ምን ላይ ነው? መልሱ በወረቀት ይሰጠን። እስከዚያው ልጆች እንዳይንጠላጠሉበት ጎረቤት ይጠብቅ።