ላቦራቶሪ የማይጠይቅ ሳይንስ፦ ስህተትን የሚያርም ሂሳብ

«ልጅቷ መጣች» ከሚለው ዓረፍተ ነገር «ቷ» ብትጠፋ እንኳ፣ የመጣችው ሴት መሆኗን ግሱ ይነግረናል። ትርፍ የሚመስለው ምልክት የጠፋውን ይተካልናል። የስህተት አራሚ ኮዶች ሂሳብም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

መልእክት በሽቦም ሆነ በአየር ሲጓዝ 0 ወደ 1፣ 1ም ወደ 0 ሊለወጥ ይችላል። ቀላሉ መከላከያ እያንዳንዱን አኃዝ ሦስት ጊዜ ልኮ ብዙኃኑን ማመን ነው፤ ነገር ግን ለአራት አኃዞች 12 ያስፈልጋሉ። በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሃሚንግ፣ የስሌት መሣሪያው ስህተት ባገኘ ቁጥር ሥራውን እያቋረጠ ቢያስቸግረው፣ ስህተት መኖሩን የሚያውቅ መሣሪያ ቦታውን ለይቶ ስለምን አያርመውም ሲል ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍም 7 አኃዞች እንደሚበቁ አሳየ።

ዘዴውን በወረቀት እንመልከተው። እርስ በርስ የሚቆራረጡ ሦስት ክቦችን ብንስል 7 ክፍሎች እናገኛለን። አራቱን የመልእክት አኃዞች፣ ሦስቱም ክቦች በሚጋሩት መካከለኛ ክፍልና ሁለት ሁለት ክቦች ብቻ በሚጋሯቸው ሦስት ክፍሎች ውስጥ እንጻፍ። በቀሩት ሦስት የውጭ ክፍሎች ደግሞ፣ በየክቡ ያሉት 1ዎች ብዛት ተጋማሽ እንዲሆን 0 ወይም 1 እንሙላ። አሁን ጓደኛችን አንዱን አኃዝ በስውር ይለውጥ። ሦስቱም ክቦች ተጋማሽነታቸውን ካጡ ጥፋቱ መካከል ላይ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱ ብቻ በሚጋሩት ክፍል ነው፤ አንድ ከሆነ በዚያው ክብ የውጭ ክፍል ነው።

ምስጢሩ ርቀት ነው። ማናቸውም ሁለት ትክክለኛ ቃላት ቢያንስ በ3 ቦታ ይለያያሉ። ስለዚህ አንድ ስህተት የደረሰበት ቃል ከተላከው በ1፣ ከሌሎቹ ግን ቢያንስ በ2 ይርቃል። ቆጠራውም ያማረ ነው። ትክክለኛዎቹ ቃላት 16 ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ7 ጎረቤቶቹ ጋር 8 ይሆናል፤ 16 × 8 = 128፤ ይህም በ7 አኃዞች የሚጻፉት ቃላት ሁሉ ብዛት ነው። አንድም አይተርፍም፣ አንድም አይጎድልም። ሁለት ስህተት ከደረሰ ግን ዘዴው ወደ ሌላ ቃል ይመራናል።

ብዙ ስህተቶችን ማረም የጠለቀ አልጀብራ ይጠይቃል። ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋልዋ እ.ኤ.አ. በ1830 ስለ ውሱን የቁጥር ሥርዓቶች ሲጽፍ የስልክ ሽቦ እንኳ አልነበረም። ከ130 ዓመታት በኋላ ሪድና ሰለሞን በዚያው ሂሳብ ኮዳቸውን ሠሩ፤ የተጫረ ሲዲ የሚዘፍነው፣ ጥቂት የቆሸሸ ኪውአር ኮድም የሚነበበው በዚህ ነው።

ስለዚህ «ይህ ሂሳብ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ትምህርትን ለመመዘን አይበቃም እንላለን፤ መልሱ አንዳንዴ ከጠያቂው ዕድሜ በኋላ ይመጣልና። መሣሪያ የለንም የሚለው ምክንያትም እዚህ አይሠራም። የክቦቹ ሥራ እርሳስ፣ ወረቀትና አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ሥርዓተ ትምህርቱ የተጨናነቀ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ስለ ማትሪክስ ወራት የተማረ ተማሪ ማትሪክስ ስህተት ሲያርም ሳያይ ቢመረቅ ጉዳቱ ይበልጣል።

አንባቢያን ሆይ፣ የሰባቱን አኃዞች 1ዎች በአጠቃላይ ተጋማሽ የሚያደርግ ስምንተኛ አኃዝ ቢጨመር፣ ሁለት ስህተቶች ሲደርሱ ምን እንደሚታይ እስቲ ሞክሩት።