«በሽታ የለም» የሚለው ሪፖርት

አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ለወረዳው ከሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ሁሉ ለመጻፍ የሚቀለው «በሽታ የለም» የሚለው ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ መልሶ የሚጠይቅም አይኖርም። ነገር ግን ይህ ቃል ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አንዱ «ፈልገን አጣን» ማለት ሲሆን፣ ሌላው «አልፈለግንም» ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ሕይወት እንደሚያስከፍል የፈንጣጣና የደስታ በሽታ ታሪክ በሚገባ ያስረዳናል።

ፈንጣጣ ገድሎ ያልገደለውን ፊቱን አበላሽቶ፣ ዓይኑን አጥፍቶ የሚተው በሽታ ነበር። መከላከያው ግን ቀደም ብሎ ተገኝቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር የላም ፈንጣጣ የያዛቸው ላም አላቢዎች በሰው ፈንጣጣ እንደማይያዙ ተገንዝቦ ክትባቱን የሞከረው በ1788 ዓ.ም. ነው። በአገራችንም በአንዳንድ አካባቢ ከበሽተኛ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ እየጫሩ መክተብ የቆየ ልማድ ነበር፤ ይህ ግን አንዳንድ ጊዜ የተከተበውን ይገድል፣ በሽታውንም ያዛምት ነበር። ከጄነር ሙከራ በኋላ ፈንጣጣ ከዓለም እስኪጠፋ ድረስ ከ180 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ስለዚህ የጎደለው መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋቱ ሥራ የተጀመረው በጥር ወር 1963 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970፣ በመላ አገሪቱ ፈንጣጣ እንደያዛቸው ሪፖርት የተደረገው 722 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥራው በተጀመረበት በ1971 ግን ቁጥሩ 26,329 ደረሰ። በሽታው በአንድ ዓመት ከሠላሳ እጥፍ በላይ ስለ ተባዛ አይደለም፤ የሚፈልገው ሰው ስለ መጣ ነው። በሽተኞቹ ቀድሞም በየጎጆው ነበሩ፤ በወረቀት ላይ ግን አልነበሩም።

የሥራው ዘዴ ቀላል ቢሆንም ድካሙ ከባድ ነበር። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፣ የፈንጣጣ በሽተኛ ሥዕል በገበያና በትምህርት ቤት እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። አንድ በሽተኛ ሲገኝ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይከተባሉ፤ የበሽታውም መንገድ ይዘጋል። በዚህ ሁኔታ የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. በኤል ከሬ በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። በተፈጥሮ መንገድ የተላለፈው የዓለም የመጨረሻው ፈንጣጣ በጥቅምት ወር 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ታየ። በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ታወጀ።

የከብቱ ደስታም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ተስኖት ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ተከተለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ክትባቱ ቢገኝም በረዶ ስለሚፈልግ ራቅ ወዳለው የአርብቶ አደር ግጦሽ ማድረስ አስቸጋሪ ነበር። በ1980ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት ሲመጣ የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከደስታ ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ተገለጸ። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ከዓለም ፈጽሞ ያጠፋቸው በሽታዎች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ዛሬስ? ኩፍኝ የያዘው ልጅ ነፋስ እንዳይነካው እየተባለ በጨለማ ቤት ይደበቃል። በአባ ሰንጋ የወደቀ በሬ ኪሳራው እንዲቀንስ ተብሎ ሥጋው ይከፋፈላል፤ የበላውና ቆዳውን የገፈፈውም በበሽታው ይያዛል። የከብት በሽታ ሲነሳ «ገበያ ይዘጋብናል» በሚል ፍርሃት ዝም የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም ዛሬ ዝም ያሉት በሽታ ነገ በጎረቤት ማኅበር በረት ውስጥ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የሚዘጋው የአንድ ቀበሌ ገበያ ሳይሆን የወረዳው ሁሉ ይሆናል።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሪፖርቱን ከመፈረማችሁ በፊት ልትጠይቁ ይገባል። በየጎጡ ያሉትን እናቶች፣ እረኞችና የገበያ ነጋዴዎች ጠይቁ፤ በሽታን ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። ምልክት ሲታይ የወሩን መጨረሻ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለእንስሳት ጤና ባለሙያው አስታውቁ። የክትባት ቀን ሲደርስም የቀረ ቤት፣ በሩቅ ግጦሽ የቀረ መንጋ እንዳይኖር ተቆጣጠሩ።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በሽታ አለ ብሎ ላስታወቀ ማኅበር ወቀሳ ሳይሆን ፈጣን ርዳታ ሊደርሰው ይገባል። እውነቱን ተናግሮ ምላሽ ያጣ ሊቀ መንበር በሚቀጥለው ወር «በሽታ የለም» ብሎ ቢጽፍ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ከ722 ወደ 26,329 ያደገው ቁጥር ለጊዜው ቢያስደነግጥም፣ ከስድስት ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ወደ ዜሮ የወረደው በድፍረት ስለ ተቆጠረ ነው።