ሞተሩ ያርጅ፣ ሄልሜቱ ግን አይርጅ

መካነ ኢየሱስ ውስጥ አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 የሚነዱ ወዳጆች አሉኝ። ካንዴላ ሲጠርጉ፣ ካርቡራቶር ሲፈታቱ ይውሉና በእግር መትተው ሲነሳላቸው የሚሰማቸውን ደስታ እኔ በመድኃኒት አልሰጣቸውም። ስለዚህ "ሸጠህ ተገላገል" ከሚሉት ሐኪሞች ወገን አይደለሁም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ለሞተሩ ኦሪጅናል ዕቃ ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ የሚሄድ ሰው ለራሱ ጭንቅላት የተሰነጠቀ ሄልሜት ይበቃዋል! አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፤ ሁለተኛውን ምት አይችልም። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ፣ አደጋ በደረሰባቸው ሞተረኞች ላይ ሄልሜት ሞትን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከኋላ የምትጭኗት ባለቤታችሁስ? ብዙ ጊዜ ነጠላ ብቻ ነው ያደረገችው። ነጠላው ደግሞ ጎማ ውስጥ ይገባል።

ሌላው፣ በጉና ብርድ ጠዋት ሞተሩን ቤት ውስጥ አስነስቶ ማሞቅ። ይሄ ይቅር! ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የሚሸታችሁ የተቃጠለው ዘይት ነው። በር መክፈት አይበቃም፣ ውጭ አውጡት። ራስ ምታትና ማዞር ከጀመራችሁ ቶሎ ውጡ፤ ልጆቹንም ይዛችሁ።

ባታችሁን ማርሚታ ካቃጠላችሁ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፣ በረዶ ግን አይሆንም። ውሃ ከቋጠረ አታፍርጡት፤ ከመዳፋችሁ ከሰፋ ጤና ጣቢያ ሂዱ።