ከአትክልት ስፍራችን፦ ፎሶሊያን ለጾመ ፍልሰታ ስለ ማቆየት



ሐምሌ ሲገባ በኢየሩሳሌም የተዘራው ፎሶሊያ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ከማዕድ የተረፈው በአግባቡ ከተቀመጠ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ለሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ስንቅ ይሆናል። ስለዚህ ስለ አዘራሩ በአጭሩ፣ ስለ አቀማመጡ ግን በጥንቃቄ እንጽፋለን።

ፎሶሊያ ብርድን አይችልም፤ ባልሞቀ አፈር የተዘራ እንደሆነ ዘሩ ይበሰብሳል። በኢየሩሳሌም ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት ቢዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን ውስጥ ለምግብ ይደርሳል። ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ባለችው ኢያሪኮ ግን የበጋው ትኩሳት አበባውን ያረግፈዋል፤ በዚያ በመጸው ወይም በክረምቱ መውጫ መዝራት ይሻላል። እሸቱ ውስጡ ያለው ፍሬ ሳያብጥ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለቀም፤ በተለቀመ ቁጥር ተክሉ ደግሞ ያፈራል።

ለማቆየት ከሁሉ የሚቀለው ማቀዝቀዣ ነው። የታጠበውን ፎሶሊያ በሚፈላ ውሃ 3 ደቂቃ ነክሮ፣ ወዲያው በበረዶ ውሃ አብርዶ፣ ውሃውን አንጠፍጥፎ በከረጢት ማሰርና በረዶ ቤት ማስገባት ነው።

በኮምጣጤ ለሚያቆይ ደግሞ 2 ኪሎ ለማይሞላ ፎሶሊያ 1 ሊትር አምስት በመቶ አሲድ ያለው ኮምጣጤ፣ 1 ሊትር ውሃና ግማሽ ኩባያ ጨው ይበቃል። የፈላው ውሁድ በጠርሙስ በተደረደረው ፎሶሊያ ላይ ይፈስሳል፤ ጠርሙሱም ተከድኖ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆያል።

ፎሶሊያን ያለ ኮምጣጤ ቀቅሎ በጠርሙስ ከድኖ መደርደሪያ ላይ ማኖር ግን ለሞት የሚያደርስ ነው። ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ዘሩ በተራ መቀቀል አይጠፋም፤ አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰበት ጠርሙስ ውስጥ መርዝ ያፈልቃል። መርዙ ጡንቻን አዝሎ ትንፋሽን ያቆማል፤ ሽታውም ሆነ መልኩ ላያስታውቅ ይችላልና ቀምሶ መፈተን አይገባም። እንዲህ ያለው አቀማመጥ ለዚሁ ሥራ የተሠራ የግፊት ማብሰያ ይፈልጋል።

ስለዚህ በረከት ይዛችሁ ለምትመጡ ሁሉ ልመናችን ይህ ነው፦ በጠርሙሱ ላይ ቀኑንና አዘገጃጀቱን ጻፉ፤ ከተጠራጠራችሁም ትኩሱን እሸት አምጡልን። አንዱ ጠርሙስ የማኅበር ማዕድ ነውና፣ የአንዱ ቸልታ የብዙዎች ጉዳት እንዳይሆን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።