የሠራተኛ ፓርቲ ነኝ የሚል ሠራተኛውን ወንበር ላይ ያስቀምጥ

ወገኖች፣ «አቮዳ ለምን ወደቀ?» እያሉ በቴሌቪዥን ሲከራከሩ እንሰማለን። እኛም የምንለው አለን።

የፓርቲው ሥር ሠራተኛው ነው። በ1920 ሀይፋ ላይ ሂስታድሩት ተመሠረተ፤ በ1930 ማፓይ ተቋቋመ፤ በ1968 ማፓይ፣ አሕዱት ሃአቮዳና ራፊ ተዋሕደው አቮዳ ሆኑ። በ1969 ከማፓም ጋር በአንድ ዝርዝር ቀርቦ ከ120 የክኔሴት ወንበር 56ቱን ወሰደ። በ2022 የቀረው 4 ብቻ ነበር። በ2024 ደግሞ ከሜሬጽ ጋር ተዋሕዶ «ዴሞክራቶች» ተባለ።

ብዙ ምክንያት ይደረደራል። እኛ ግን የሠራተኛን ስም ይዞ ሠራተኛውን ረሳ እንላለን። ዛሬ ሠራተኛው ማነው? በሌሊት ቢሮ የምታጸዳ እናታችን፣ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ የሚፈትሽ ወንድማችን፣ በካብላን ተቀጥሮ መብቱን የማያውቅ ጎረቤታችን አይደለም እንዴ? በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የደሞዝ ወረቀታቸውን በየቀኑ እናያለን።

ያደረገልንን አንክድም። በ1975 በሕገ ሽቫት መሠረት የመምጣት መብታችንን ያወቀው የራቢን መንግሥት ነው። በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ ስንመጣም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፔሬስ ነበር። ነገር ግን የለገስነው ደም እንደሚጣል በ1996 መጀመሪያ ሲታወቅና አደባባይ ስንወጣም ሥልጣኑ በዚያው ፓርቲ እጅ ነበር።

በዚያው ዓመት አዲሱ መሰለ በአቮዳ ዝርዝር ክኔሴት ገባ፤ ከእኛ የመጀመሪያው እሱ ነው። በ1999 ፓርቲውን ትቶ ወደ ዓም ኤሓድ ሄደ። ከእሱ ወዲህ ልጆቻችን በካዲማ፣ በሻስ፣ በየሽ አቲድ፣ በሊኩድ፣ በሌሎችም ገቡ። በአቮዳ በኩል ግን አንድም የለም!

«የሞተ ፓርቲ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አላችሁ። ልብ በሉ፤ በዚህ አገር የምንመርጠው ሰው ሳይሆን ዝርዝር ነው። የእኛ ወንበር የሚቆረጠው ካልፒው ጋ ሳይሆን ቀደም ብሎ በፓርቲው ቤት፣ በፕራይመሪስ ነው። እዚያ የአባልነት መዋጮ ያልከፈለ ድምፅ የለውም። አባሉ ጥቂት በሆነበት ቤት ደግሞ የተደራጀ ማኅበረሰብ ሚዛን ይደፋል። ቀኑ ሲደርስ ከማማረር አስቀድሞ መመዝገብ ይሻላል።

ለአቮዳ ወራሾችም የምንለው ይህ ነው፦ ከዝርዝሩ ጭራ ላይ ለጌጥ የሚጻፍ ስም አንፈልግም። ሰፈራችን ስትመጡ ዝርዝሩን ይዛችሁ ኑ። ስማችን ስንተኛ ላይ እንዳለ አይተን እንነጋገራለን።