የግድግዳ ሰዓት በክንድ

ቦሩ ሜዳ ክርክር አያስደነግጠውም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ጠርተው ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት እዚሁ ነው። እኔ የያዝኩት ክርክር ከዚያ ጋር ሲተያይ የጤፍ ፍሬ አያክልም፤ ቢሆንም የዚያን ሜዳ አየር እየሳበ ያደገ ሰው አፉን ይዞ መቀመጥ አይሆንለትም። እነሆ ክርክሬ፦ የኛ ሰፈር ጎረምሳ ልኩ ያልሆነ የእጅ ሰዓት እያሠረ ነው። ልኩ ያልሆነውም አንሶት ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ተልቆበት ነው። ጥፋቱ ደግሞ የሰዓቱ አይደለም።

ማስረጃ የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ ታክሲ ይሳፈርና አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ እጅ ይመልከት። አንጓው እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል፤ ላዩ ላይ ግን የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ብረት ተጭኗል። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው አራቱ ቀንዶች ከአንጓው ጠርዝ አልፈው በግራም በቀኝም አየር ላይ ቀርተዋል፤ በሥራቸው እርሳስ ያሳልፋሉ። ፊቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ሰዓቶች አሉ። ሦስቱም አይዞሩም፤ ለጌጥ የተሳሉ ናቸው። ልጁ እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ እሱም በሌላኛው እጁ ይመልሰዋል። እስኪ «ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» በሉት። ስልኩን ከኪሱ ያወጣል።

ይህን አይቶ ስቆ ማለፍ ይቻል ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን አይተው፣ አሁን ስለ ሰዓት ስፋት ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝም አይጠፋም። እኔን ያላስቻለኝ ግን ሰዓቱ የመጣበት መንገድ ነው። ከደቡብ ወሎ ወደ ጂዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤሩት ሴት ልጁን ያልላከ ሰፈር አሳዩኝ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ «ወረቀት የላችሁም» ብላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከአውሮፕላን ከወረዱት መሀል የኛ እህቶች ብዙ ነበሩ። ከዚያ የምትመጣ እህት ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ሦስት ነገር አይታጣም፤ ለእናት ሻርፕ፣ ለቤት ብርድ ልብስ፣ ለወንድም ሰዓት። ወንድም ሲያዝዝ የሚያውቀው ቃል አንድ ነው፦ «ትልቅ ይሁን»። እሷም የሰው ቤት ወለል ስትወለውል የከረመችበትን ገንዘብ ይዛ ሱቅ ትገባና ከመደርደሪያው ትልቁን ታስወርዳለች። ሰዓቱ መጥቶ አንድ ወር ይታሠራል። ከቼኑ አምስት ስድስት ቁራጭ ተነቅሎለትም አልረጋ ይላል፤ መሙያው የእጅ ጀርባ ይወጋል፤ ብረቱ ከበር እጀታ ጋር ይጋጫል። በሁለተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ ነው። የእህትህን ደሞዝ መሳቢያ ውስጥ ጥለኸው «ሌላ ላኪልኝ» የምትል ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው።

ለመሆኑ ይህ ትልቅ ሰዓት የሚሉት ነገር ከየት መጣ? ትልቅ የእጅ ሰዓት ሲሠራ ምክንያት ነበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን አየር ኃይል ለአውሮፕላን አቅጣጫ መሪዎች ያሠራው ሰዓት ስፋቱ 55 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሚታሠረውም በባዶ እጅ ሳይሆን በወፍራሙ የበረራ ጃኬት እጅጌ ላይ ነበር። የጣሊያን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ያሠሩት ፓኔራይ 47 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱም ከዋናተኛ ልብስ በላይ የሚታሠር፣ በጨለማ ውሃ ውስጥ የሚነበብ ዕቃ ነበር። ከዚያ ዘመን ተሻገረና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲልቬስተር ስታሎን ፓኔራይ አሥሮ ፊልም ላይ ታየ፤ የሱ ክንድ የሚያክለውን ክንድ ፈልጎ ማግኘት የአንባቢ ፋንታ ነው። ፋሽኑ ተነሣ፤ ፋብሪካዎች ተሽቀዳደሙ፤ የዲዝል ኩባንያ 57 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ እስኪያወጣ ድረስ ተሄደበት። እኛ ጋ የደረሰው የዚያ ፋሽን ቅጂ ነው። አውሮፕላን ሳይኖረን፣ ቦርከና ላይ ደግሞ ጠላቂ ሳያስፈልግ!

የሚገርመው ፋሽኑን ያመጡት ሰዎች ራሳቸው ትተውት እየሄዱ መሆኑ ነው። ሮሌክስ ኤክስፕሎረር የሚባለውን ሰዓቱን ለዓመታት 39 ሚሊ ሜትር ካደረገው በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ጥንቱ 36 መለሰው። ቱዶር በ2018 እ.ኤ.አ. 39 ሚሊ ሜትር የሆነች ሰዓት አወጣና ገበያው ተሻማባት። በኛ ሱቆች መስታወት ውስጥ ግን ዛሬም 46 እና 48 ተሰልፎ ይጠብቀናል።

«ትልቅ ሰው ትልቅ ሰዓት ያሥራል» የሚለኝ ካለ የትልቅ ሰው ሰዓት ላሳየው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወሎ አማች ናቸው፤ እቴጌ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ ደሴ ያለው ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራላቸው የወይዘሮ ስሂን ልጅ ናቸውና። የንጉሠ ነገሥቱ የነበረ አንድ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በኖቬምበር 2015 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከጨረታው ወጣ። በሜይ 2017 እ.ኤ.አ. ግን ተመልሶ ቀረበና ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ተሸጠ። (የማን ሰዓት ማን ይሸጣል የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ደሜን ስለሚያፈላው ለሌላ ቀን ይቆየኝ።) ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን ሁኔታ ሳይቀር የሚያሳየው ያ ሰዓት ስፋቱ ስንት መሰላችሁ? 37 ሚሊ ሜትር! ንጉሡ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ሰዓታቸውም ልካቸው ነበር። በዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው በ37 ክብሩ ካልጎደለበት፣ ሰኞ ገበያ ለሚዞር ሰው 48 ምን ይጨምርለታል?

«እሱ የሴት ሰዓት ነው» ትለኛለህ። ይህች አባባል ስንት ልጅ ገንዘብ አስበላች! ወንድና ሴት የሚለየው በሰዓት ስፋት ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ምን ሊባሉ ነው? ከመምህሩ እስከ ሹፌሩ ያሠሯቸው ሲኮ ፋይቭና ኦሪየንት አብዛኞቹ 36 እና 37 ሚሊ ሜትር ናቸው። አባትህን ደፍረህ «ጋሼ፣ የሴት ሰዓት ነው ያሠርከው» ካልከው በኋላ ተመለስና እንከራከራለን። ሴቶቹም ቢሆኑ «የሴት» ተብላ የተሠራች፣ ቁጥሯ የማይታይ እንክብል የምታክል ሰዓት የማሠር ዕዳ የለባቸውም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታማሚ አልጋ አጠገብ ቆማ የልብ ምት የምትቆጥር ነርስ የሚያስፈልጋት ከሩቅ የሚለይ የሴኮንድ ዘንግ ነው፤ እሱን 34 ወይም 36 ላይ በደንብ ታገኘዋለች።

«ትልቁ ለማንበብ ይመቻል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የሚያስቀኝ ነው። የሚነበበው ስፋቱ ሳይሆን በፊቱና በዘንጎቹ መካከል ያለው የቀለም ልዩነት ነው። ጥቁር ፊት ላይ ነጭ ዘንግ ከሆነ በ35 ይነበባል፤ ብር መሰል ፊት ላይ ብር መሰል ዘንግ ተደርጎ፣ በዚያ ላይ ሦስት የማይዞሩ ክቦች ተጨምረውበት ከሆነ ግን 50 ቢሆንም አይነበብ። ካሲዮ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራት ያቺ ሁላችን የምናውቃት የላስቲክ ሰዓት 21 ግራም ናት፤ አንድም ሰው ቁጥሯ አልታይ አለኝ ሲል አልሰማሁም።

እንግዲህ ወደ ልኩ እንግባ። መለኪያው ደሴ ውስጥ በየበረንዳው አለ፤ ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ሜትር። «ጋሼ፣ አንዴ ያበድሩኝ» በልና ከአንጓህ አጥንት ዝቅ ብለህ፣ ሰዓት የምታሥርበት ቦታ ላይ፣ ሳታጠብቅ ሳታላላ ጠምጥማት። 15 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር ከመጣ (የብዙዎቻችን የቀጫጮቹ ልክ ይህ ነው) ከ34 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ያለው ሰዓት ያንተ ነው። 17 ከሆንክ 38 እና 40 ይመችሃል። 18 እና 19 የምትገባ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጭነት የሚያነሣ ክንድ ካለህ 42 አሥር፤ አልቀናብህም። ይህ ሕግ አይደለም፤ መነሻ ነው። ሕግ የሚባል ካለ የሚቀጥለው ነው።

የሰዓት ስፋት ብቻውን ይዋሻል። ዋናው ከላይኛው ቀንድ ጫፍ እስከ ታችኛው ቀንድ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። መዳፍህን ወደ መሬት አድርገህ እጅህን ዘርጋና የአንጓህን ጠፍጣፋ ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ለካ፤ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሰዓቱ ርዝመት ከቀንድ እስከ ቀንድ ከዚያ ማነስ አለበት። 40 የሚሰፉ ሁለት ሰዓቶች አንዱ ቀንዱ አጭርና ወደ ታች የጎበጠ፣ ሌላው ረጅምና ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ይቀመጥልሃል፣ ሁለተኛው እንደ ድልድይ ይዘረጋብሃል። አራት ማዕዘን ሰዓት ከክቡ ይልቅ ትልቅ መስሎ ይታያል፤ 38 ነው ብለህ እንዳትታለል። ነጭ ፊት ያሰፋዋል፣ ጥቁር ያጠበዋል። ማሰሪያው የሰዓቱን ግማሽ ያህል ሲሰፋ ደግ ነው፤ ለ38 ወይም ለ40 ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር።

ውፍረቱን አንርሳ፤ እኛ አገር በተለይ። ቦሩ ሜዳ ደጋ ነው፤ ሹራብና ጃኬት ይለበሳል። 15 ሚሊ ሜትር የወፈረ ሰዓት እጅጌ ሥር አይገባም፤ እጅጌው ላዩ ላይ ተሰብስቦ ይቆማል። የሠርግ ፎቶዎችን ገልጣችሁ ሙሽራውን እዩት፤ የአንድ እጁ ሸሚዝ ወርዶ የሌላኛው ሰዓቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከ11 ወይም ከ12 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሰዓት ይህን ሁሉ ውርደት ያስቀራል። ውዱእ ለሚያደርግም ቀጭኑ ይገላግላል፤ ክንድ ላይ ገፋ ማድረግ ወይም ቶሎ መፍታት ይቻላል። በተረፈ ከሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የሚውል ሰው ሙቀቱ አንጓውን እንደሚያሳብጠው ይወቅ፤ ጧት ደሴ ላይ ልክ የነበረ ቼን ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ያንቃል። ስለዚህ ልክህን ብርድ ላይ ሳይሆን ከሰዓት፣ ሞቅ ሲልህ ውሰድ፤ ማሰሪያውም ቀዳዳው ቀረብ ቀረብ ያለ ቆዳ ወይም ላስቲክ ቢሆን ከቼን ይሻላል።

ሱቅ ስትገባ ደግሞ አፍንጫህ ሥር አስጠግተህ አትየው። ሁሉም ሰዓት ከቅርብ ትልቅ ነው፤ ያንተን ሰዓት ሌላው ሰው የሚያየው ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ ነው። መስታወት ፊት ቆመህ እጅህን ጣል አድርገህ ተመልከት። በቴሌግራም የምትገዛ ከሆነ ፎቶውን አትመን፤ «ስፋቱ ስንት ሚሊ ነው? ከቀንድ እስከ ቀንድስ?» ብለህ ጠይቅ። ሻጩ «ትልቅ ነው፣ አሪፍ ነው» ካለህ አልለካውም ማለት ነው፤ ለክቶ እንዲነግርህ አድርግ። ቁጥሩ ሲመጣ ካርቶን በዚያው ልክ ቆርጠህ አንጓህ ላይ አስቀምጠው። ካርቶን ነጻ ነው።

አንድ የቀረ ክርክር አለ፦ «እኔ ገና ወጣት ነኝ፣ እሞላበታለሁ»። ልጅ ሳለን ዩኒፎርም በሰፊው የሚሰፋልን በዚሁ ብልሃት ነበር፤ እናቶቻችን ልክ ነበሩ፤ ቁመት ይጨምራል። የአንጓ አጥንት ግን ሃያን ካለፍክ በኋላ ጉዳዩን ጨርሷል። ጂም ገብተህ ደረትህና ክንድህ ይሞላሉ፤ አንጓ ላይ ግን ሥጋ የሚይዝ ቦታ ብዙም የለም፤ እዚያ ያለው አጥንትና ጅማት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ኢሞ ላይ ስትደውልልህ፣ «ትልቅ ይሁን» የምትለዋን ትተህ እንዲህ ብለህ ጻፍላት፦ «እታለም፣ አንጓዬ 16 ሴንቲ ነው። ሰዓቱ ከ38 ሚሊ አይብለጥ፣ ከቀንድ እስከ ቀንድ ከ46 አይለፍ፣ ውፍረቱ 11 ቢሆን፣ ማሰሪያው ቆዳ ይሁን። ከዚህ የሚርቅ ከሆነ ተይው፤ ብሩን ለራስሽ ያዢው።»